ጎቢ ልትገዙ ነው? የትኛው ለየትኛው አኳሪየም እንደሚሆን

ጎቢ በሚለው አንድ ስም የሚጠሩት ዓሦች ከ2,000 ዝርያ በላይ ናቸው። ኮራል ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ዕድሜውን የሚጨርስ አለ። ከባሕር ወጥቶ ጭቃ ላይ የሚሄድ አለ። በፏፏቴ ሽቅብ የሚወጣ አለ። ግማሽ ሜትር የሚያልፍ አለ፤ አድጎ ጨርሶ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆንም አለ። ሱቅ ስትገቡ ግን ሁሉም ጎን ለጎን ተደርድረው፣ ሁሉም ጎቢ ተብለው ይጠብቋችኋል። ያኔ ብዙ ሰው በቀለም ይመርጣል። ብዙ ጎቢም በዚህ ምክንያት ያለ ጊዜው ይሞታል።

እዚህ የማነጻጽረው በሁለት ጥያቄ ነው። ይህ ዓሣ በምን ዓይነት ውሃ ይኖራል? ምንስ ይበላል? የሁለቱን መልስ በአብዛኛው የሚነግረን የዓሣው የዘር ሐረግ ነው። ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄዳችን በፊት ቤተሰቡን እንወቅ።

ቤተሰቡ

ጎቢን ከሥሩ ተመልከቱት። በአብዛኞቹ ጎቢዎች ሆድ ሥር ያሉት ሁለት ክንፎች ተገጣጥመው እንደ ትንሽ ሲኒ ሆነዋል። ዓሣው በዚህ ድንጋይ ወይም መስታወት ላይ ይጣበቃል። ጀርባው ላይ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ክንፎች አሉት። ሱቅ ውስጥ ከጎቢ ጋር በጣም የሚምታታው ብሌኒ የሚባለው ዓሣ ነው። የእሱ የጀርባ ክንፍ ግን ብዙውን ጊዜ አንድና ረጅም ነው፤ የሆዱ ክንፎችም ቀጫጭንና የተነጣጠሉ ናቸው።

ይህ ምልክት ጥሩ ነው፤ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። አሸዋ እያጣራ የሚበላው የቫለንሲዬኒያ ወገን የሆድ ክንፎቹ የተነጣጠሉ ናቸው። በዚህ ምክንያት ድሮ ከሌላ ቤተሰብ ይቆጠር ነበር። ዛሬ ግን እውነተኛ ጎቢ መሆኑ ታውቋል። ፋየርፊሽ የሚባለው፣ ጭራው አካባቢ ቀይ የሆነው ውብ ዓሣም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው።

ቀድሞ ጎቢዎች ፐርሲፎርምስ በሚባለው ግዙፍ የዓሣ ክፍለ መደብ ውስጥ ተደባልቀው ነበር የሚመደቡት። የዘረመል ጥናት ከመጣ ወዲህ ጎቢፎርምስ የተባለ የራሳቸው ክፍለ መደብ ተሰጥቷቸዋል። ትልቁ ቤተሰባቸው ጎቢዴም በብዙ ተመራማሪዎች አመዳደብ ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ጎቢዴ የሚለውን ስም ይዞ ቀረ። ሌላው ኦክሱደርሲዴ ተባለ። ለእኛ ለገዢዎች ይህ ክፍፍል በጣም ይጠቅማል። ለአኳሪየም ከሚሸጡት ውስጥ የጎቢዴ ልጆች በአብዛኛው የባሕርና የኮራል ዓሦች ናቸው። የኦክሱደርሲዴ ልጆች ደግሞ የጭቃ፣ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት አፍና የጅረት ነዋሪዎች ናቸው። ከእነዚህ ጎን ኤሊዮትሪዴና ቡቲዴ የሚባሉ ዘመዶች አሉ። እነሱ የሆድ ክንፎቻቸው አልተገጣጠሙም። ሱቅ ግን እነሱንም ጎቢ ብሎ ይሸጣቸዋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህን ቤተሰብ በመመደብ ሥራ ላይ ትልቅ ስም ካላቸው ሰዎች አንዱ የቀድሞው የጃፓን ንጉሠ ነገሥት አኪሂቶ ናቸው። ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ፣ በ1963 እ.ኤ.አ.፣ ስለ ጎቢ የትከሻ አጥንት ሳይንሳዊ ጽሑፍ አሳትመዋል። ከዚያ በኋላም ለአስርት ዓመታት ቀጥለውበታል። በቫኑዋቱ ደሴቶች የተገኘ አንድ የጎቢ ወገን በስማቸው አኪሂቶ ተብሎ ተሰይሟል። እኚህ ሰው በ1960 እ.ኤ.አ. ከባለቤታቸው ጋር ኢትዮጵያን የጎበኙት አልጋ ወራሽ ናቸው።

ጨው ለሌለው ውሃ

ጀማሪ ከሆናችሁና አንድ መካከለኛ አኳሪየም ካላችሁ፣ ሳላመነታ የምመክራችሁ ፒኮክ ጎቢን ነው። የሳይንስ ስሙ ታቴውርንዲና ኦሴሊካውዳ ይባላል። አገሩ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ነው። በቤተሰቡ ኤሊዮትሪዴ ስለሆነ በጥብቅ ከሄድን እውነተኛ ጎቢ አይደለም። ለእናንተ ግን ይህ ጉዳት የለውም። ሰውነቱ ሰማያዊ ነው፤ ቀይ ቁርጥራጭ መስመሮች ጎኑን ያቋርጡታል፤ ጭራው ሥር ጥቁር ነጥብ አለበት። ከ7 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። 60 ሊትር ገደማ ለአንድ ጥንድ ይበቃል። ሙቀቱ ከ22 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። በፍሪዘር የተቀመጠ አርቴሚያ (ሽሪምፕ መሰል ደቃቅ የጨው ውሃ እንስሳ) እና ትላትል በደስታ ይበላል። ደረቅ ምግብም ቀስ በቀስ ይለምዳል።

ከሁሉም በላይ የምወድለት እቤት ውስጥ መራባቱን ነው። ወንዱ ግንባሩ ወጣ ያለ ነው። ሴቷ ሆዷ ቢጫ ነው። አንድ ጠባብ ቱቦ ወይም የተገለበጠ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ አስቀምጡለት። ሴቷ እዚያ ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። ወንዱ በክንፉ እያራገበ እስኪፈለፈል ይጠብቃል። ልጆች ካሏችሁ ይህን ማየት ይገባቸዋል። ሱቅ ውስጥ ከሚገኙት ብዙዎቹም በሰው እጅ የተፈለፈሉ ናቸው። ከተፈጥሮ ላይ አልተቀነሱም።

ከፒኮክ ጎቢ ጋር ሁልጊዜ የሚወዳደረው በምብልቢ ጎቢ ነው። ቢጫና ጥቁር ቀለበቶች አሉት። ከ4 ሴንቲ ሜትር በታች ነው። ሰው የሚገዛውም ትንሽ ስለሆነና ስለሚያምር ነው። ይህ ዓሣ ግን ከባድ ነው። ዋናው ችግር ምግብ ነው። ደረቅ ምግብ አብዛኛውን ጊዜ ፊት አይሰጠውም። ሕያው የአርቴሚያ ጫጩት፣ ዳፍኒያ፣ ወይም የቀዘቀዘ ትል ይፈልጋል። ሲበላም ዝግ ይላል። ፈጣን ዓሦች ካሉበት ምግቡ ሳይደርሰው ያልቃል። ስለዚህ ከሌላ ዓይነት ዓሣ ለይቶ፣ በመንጋ፣ በትንሽ አኳሪየም ማኖር ይሻላል።

ሁለተኛው ችግር ውሃው ነው። ጨው ይፈልጋል የሚሉ አሉ። አይፈልግም የሚሉም አሉ። ጭቅጭቁ የሚመጣው በዚህ ስም የሚሸጡት ዝርያዎች ብዙና ተመሳሳይ በመሆናቸው ነው። አንዳንዱ ማንግሮቭ በሚባለው የባሕር ዳር ደን ውስጥ ይኖራል። አንዳንዱ ምንም ጨው በሌለው ረግረግ ውስጥ። መፍትሔው ቀላል ነው። ሻጩን አሁን በምን ውሃ ውስጥ እንዳለ ጠይቁት። እቤትም በዚያው ጀምሩ። ከዚያ መለወጥ ካስፈለገ ቀስ በቀስ ለውጡ።

ሦስተኛው አማራጭ ስቲፎዶን ነው። ወንዶቹ ሰማያዊና ወርቃማ ሆነው ያብረቀርቃሉ። የሚፈሱ የደሴት ጅረቶች ዓሣ ነው። የሚበላው ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ቀጭን የአልጌ ሽፋን ነው። አዲስ የተዘጋጀ አኳሪየም ውስጥ ይህ ሽፋን የለም። ስለዚህ ስቲፎዶን አዲስ አኳሪየም ውስጥ ሲገባ ምግብ አጥቶ በረሃብ ይጎዳል። ለወራት የቆየ፣ ድንጋዩ አረንጓዴ የሆነ፣ ኃይለኛ ፍሰትና ብዙ ኦክስጅን ያለው አኳሪየም ካላችሁ ግን ከእሱ የተሻለ ዓሣ የለም። በሰው እጅ መራባቱን አትጠብቁ። የእነዚህ ዓሦች ጫጩቶች ከእንቁላል እንደወጡ ወንዙ ባሕር ያደርሳቸዋል። እዚያ ካደጉ በኋላ ተመልሰው ወንዙን ሽቅብ ይወጣሉ። የሐዋይ ዘመዶቻቸው በሆድ ክንፋቸው ዓለት እየያዙ ከ100 ሜትር በላይ የሆነ ፏፏቴ ይወጣሉ። ሱቅ ውስጥ ያለው ስቲፎዶን እንግዲህ ከዱር የተያዘ ነው ማለት ይቻላል።

አዲስ አበባ ላላችሁ ሁለት ነገር ልጨምር። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ያንሳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓምፑ ይቆማል። ለስቲፎዶን ይህ አደገኛ ነው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከሌላችሁ ባትጀምሩት እመርጣለሁ። በሌላ በኩል ቤታችሁ ቀዝቃዛ ከሆነ ራይኖጎቢየስ ዱኦስፒለስን ፈልጉ። የደቡብ ቻይናና የሆንግ ኮንግ ጅረቶች ዓሣ ነው። 18 ዲግሪ አይከብደውም። ሥጋ በል ስለሆነ በፍሪዘር የተቀመጠ ትል ይበቃዋል። ከብዙ የጅረት ጎቢዎች በተለየም ልጆቹ ባሕር ሳይወርዱ ያድጋሉ።

ለከፊል ጨዋማ ውሃ

እዚህ ሁለት ዓሦች ይወዳደራሉ። ሁለቱም ለጀማሪ አይሆኑም።

መድስኪፐር ከሁሉም ጎቢ የሚገርመው ነው። አብዛኛውን ጊዜውን ከውሃ ውጭ ያሳልፋል። በእርጥብ ቆዳውና በአፉ ውስጥ ባለው ሽፋን አየር ይተነፍሳል። በቀይ ባሕር ማንግሮቮች ውስጥም ይገኛል። ለእሱ የምትሠሩት አኳሪየም ግማሹ የብስ መሆን አለበት። አሸዋ፣ ድንጋይ፣ እንጨት፣ ከዚያ ጥልቀት የሌለው ሙቅ ውሃ። ከላይ ጥብቅ ክዳን ያስፈልጋል። ክዳኑ እንዳያመልጥ ብቻ አይደለም። አየሩ እርጥብና ሞቃት ሆኖ እንዲቆይም ነው። አየሩ ከደረቀ ቆዳው ይደርቃል፤ ቆዳው ከደረቀ መተንፈስ ይቸገራል። ወንዶቹ ለመሬት ይጣላሉ። ጠባብ ቦታ ላይ ሁለት ወንድ አታኑሩ። ስትገዙ የፔሪዮፍታልመስን ወገን ምረጡ፤ ትልና ነፍሳት ይበላሉና። ቦሌዮፍታልመስ የሚባሉት ግን ጭቃ ላይ ያለውን ረቂቅ አልጌ እየላሱ ነው የሚኖሩት። ያን ቤት ውስጥ ማቅረብ እጅግ ከባድ ነው።

ሌላው ድራጎን ጎቢ ወይም ቫዮሌት ጎቢ ነው። ሱቅ ውስጥ ጣት የምታህል ቀጭን ዓሣ ሆኖ ነው የምታዩት። አድጎ ግማሽ ሜትር ሊሞላ ይችላል። ስሙና ጥርሱ ያስፈራል እንጂ የዋህ ነው። የሚበላው ታች የወደቀ ደቃቅ ምግብ ነው። በትንሽ አኳሪየም ውስጥ ማሰቃየት ስለሚሆን፣ 400 ሊትር ለማዘጋጀት ካልቆረጣችሁ እለፉት።

ለሁለቱም የሚያስፈልገው ጨው የባሕር አኳሪየም ጨው ነው። የወጥ ቤት ጨው አይተካውም። የወጥ ቤት ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የባሕር ውሃ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ሌሎችም አሉት።

ለባሕር ውሃ

የባሕር አኳሪየም ካላችሁ ምርጫው ይበዛል። እኔ ግን አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ከሽሪምፕ ጋር የሚኖሩትን ጎቢዎች እመርጣለሁ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። አልፊየስ የሚባለው ሽሪምፕ ቁፋሮ ላይ ጎበዝ ነው፤ ዓይኑ ግን ደካማ ነው። ጎቢው ዓይኑ ጥሩ ነው፤ መቆፈር ግን አይችልም። ሽሪምፑ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ይጠግናል። ጎቢው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሽሪምፑ ሲወጣ አንዱን አንቴናውን ከጎቢው ሰውነት ላይ አያነሳም። አደጋ ሲመጣ ጎቢው ጭራውን ያርገበግባል። ሽሪምፑ ወዲያው ይገባል። አደጋው ከጠና ጎቢውም ተከትሎት ይገባል። ይህን በየቀኑ ሳሎናችሁ ውስጥ ማየት ትችላላችሁ። በቀይ ባሕርም በሰፊው ይታያል። አምብሊዮትሪስ ስታይኒትዚ የሚባለው ባለ መስመር ጎቢ በኤላት ባሕረ ሰላጤ ጠላቂዎች ዘንድ የታወቀ ነው። እስራኤል ያላችሁ ኤላት ወርዳችሁ በመነጽር ብትጠልቁ፣ አሸዋማ ቦታ ላይ ዝም ብላችሁ ጠብቁ።

ከእነዚህ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የምመክረው ቢጫው ክሪፕቶሴንትረስ ሲንክተስ ነው። ሻጮች የሎ ዋችማን ይሉታል። 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ጠንካራ ነው፤ ምግብ አይመርጥም። ከ100 ሊትር ጀምሮ ይስማማዋል። ነብር መሰሉ ሽሪምፕ አልፊየስ ቤሉለስ ለእሱ ጥሩ ጓደኛ ነው። ስቶኖጎቢዮፕስ ያሻ የሚባለው ነጭና ቀይ ደግሞ ከእሱ በላይ ያምራል። ግን ዓይናፋር ነው፤ ትንሽም ነው፤ ጉልበተኛ ዓሣ ካለበት ከጉድጓዱ አይወጣም። በሁለቱ መካከል ስትወስኑ አኳሪየሙ ውስጥ ያሉትን ጎረቤቶች አስቡ። ሰላማዊ ጎረቤት ብቻ ካለ ያሻን፣ ካልሆነ ቢጫውን ውሰዱ። አኳሪየሙን ስታዘጋጁ ግን አንድ ነገር አድርጉ። ድንጋዮቹን አሸዋው ላይ ሳይሆን መስታወቱ ላይ አስቀምጡ፤ ከዚያ አሸዋውን አፍስሱ። ሽሪምፑ ከሥር ሲቆፍር ድንጋዩ ተንዶ ሊደፈጥጣቸው ይችላል።

ቦታችሁ ጠባብ ከሆነ፣ ማለትም 40 ሊትር አካባቢ፣ ኒዮን ጎቢ ይስማማችኋል። ኤላካቲነስ የሚባለው የካሪቢያንና የፍሎሪዳ ወገን ነው። የሌሎችን ዓሦች ቆዳ ከጥገኛ ተባዮች ያጸዳል። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ላብሮይደስ የሚባል ሌላ አጽጂ ዓሣም ይሸጣል። ሁለቱን አታወዳድሩ እንኳ። ላብሮይደስ ከጽዳቱ ውጭ ምግብ ለመልመድ ስለሚቸገር ብዙ ጊዜ አኳሪየም ውስጥ ይከሳል። ኒዮን ጎቢ ግን ተራ ምግብ ይበላል። በሰው እጅም በብዛት ይራባል። አንድ ነገር ብቻ ቀድማችሁ እወቁ፤ ዕድሜው አጭር ነው። አንድ ሁለት ዓመት ኖሮ ቢሞት ጥፋቱ የእናንተ ላይሆን ይችላል። ከጎቢዎች መካከል ኤቪዮታ ሲጂላታ የሚባለው የኮራል ዝርያ ሙሉ ሕይወቱን በ59 ቀን ይጨርሳል።

ክላውን ጎቢ፣ ማለትም ጎቢዮዶን፣ ደግሞ ኮራል ላላቸው ሰዎች ጥያቄ ያስነሳል። ኮራል ቅርንጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ቆዳው መርዛም ልጋግ ስላለው ሌላ ዓሣ እንደ ልቡ አይበላውም። አክሮፖራ የሚባለውን ውድ ኮራል እንቁላል ለመጣል ሲፈልግ ይነካክሰዋል። ትንሽ የኮራል ቁራጭ ያለው ሰው ይህን ዓሣ ባይገዛ ይሻላል። ትልቅና ጤናማ ኮራል ያለው ግን ብዙም አይጎዳበትም። በተፈጥሮ እንዲያውም ጠባቂው ነው። ፊጂ ላይ በተደረገና በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ጎቢዮዶን ሂስትሪዮ ኮራሉን የሚነካ መርዛማ የባሕር አረም ሲመጣ እየከረከመ ያባርረዋል።

አሸዋ አጣሪው ቫለንሲዬኒያ አሸዋችሁን ነጭ አድርጎ ይጠብቅላችኋል። ብዙ ሰው የሚገዛው ለዚህ ሥራ ነው። ዓሣው ግን የሚያጣራው አሸዋው ውስጥ ያሉትን ደቃቅ እንስሳት ለመብላት ነው። እነሱ ሲያልቁ ይከሳል። 200 ሊትርና ከዚያ በላይ፣ የቆየ ጥልቅ አሸዋ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ምግብ ከሌለ አይሳካም። አሸዋውን ኮራል ላይ እንደሚረጭም አትርሱ።

ፋየርፊሽ ቀላል ነው። ይዘላል፤ ክዳን ይኑራችሁ።

በስም የሚያሳስቱት

ማንዳሪን ጎቢ ተብሎ የሚሸጠው ባለ ብዙ ቀለም ዓሣ ጎቢ አይደለም። ካሊዮኒሚዴ የሚባል የሌላ ቤተሰብ ልጅ ነው። ቀኑን ሙሉ ሕያው የሆኑ ጥቃቅን ኮፔፖዶችን እየለቀመ ነው የሚኖረው። ጎቢ ነው ብሎ የገዛው ሰው እንደ ጎቢ ይመግበዋል፤ ዓሣው በዝግታ በረሃብ ይሞታል።

ካታሊና ጎቢ እውነተኛ ጎቢ ነው። ቀይ ሰውነት ላይ ሰማያዊ መስመር አለው፤ ከሁሉም ይበልጥ ዓይን ይስባል። አገሩ ግን ቀዝቃዛው የካሊፎርኒያ ባሕር ነው። ከሞቃታማ የኮራል ዓሦች ጋር በ26 ዲግሪ ሲኖር ዕድሜው ያጥራል። ውሃ ማቀዝቀዣ መሣሪያ ለሌለው ሰው የሚሸጥ ነጋዴ እየበደለ ነው።

ማርብል ጎቢ የቡቲዴ ቤተሰብ ነው። ትንሹን ታያላችሁ። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ግን በውድ ዋጋ የሚበላ፣ ከግማሽ ሜትር በላይ የሚያድግ አዳኝ ነው። አፉ ውስጥ የሚገባውን ዓሣ ሁሉ ይውጣል።

ሱቅ ውስጥ

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ፊት ለፊታችሁ እንዲመግበው ጠይቁት። የማይበላ ጎቢ አትግዙ። ሆዱን ከጎን ሳይሆን ከላይና ከፊት እዩ። ወደ ውስጥ የገባ ሆድ ያለው ዓሣ ለሳምንታት ተርቧል ማለት ነው፤ መመለስ ይከብዳል። የሳይንስ ስሙን ጠይቁ፤ ሻጩ ካላወቀው ፎቶ አንሱና እቤት ሂዳችሁ ፈልጉ። የገበያ ስም ከሱቅ ሱቅ ይለያያል። በሰው እጅ የተፈለፈለና ከዱር የተያዘ ጎን ለጎን ካሉ፣ ዋጋው ቢጨምርም በሰው እጅ የተፈለፈለውን ውሰዱ። ምግብ የለመደ ነው።

ደግሞም ማኖር ቢያቅታችሁ ለሱቁ መልሱት ወይም ለሌላ አሳዳሪ ስጡት። ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ በፍጹም እንዳትለቁት። ራውንድ ጎቢ የጥቁር ባሕርና የካስፒያን ባሕር ዓሣ ነበር። መርከብ ለሚዛን በሚይዘው ውሃ ተጭኖ መጥቶ በ1990 እ.ኤ.አ. በሰሜን አሜሪካ ሴንት ክሌር ወንዝ ተገኘ። ከዚያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ታላላቅ ሐይቆችን አዳረሰ። የነባር ዓሦችን እንቁላል ይበላል፤ ቦታቸውንም ይቀማል። ቶሮንቶ ወይም ሚሺጋን ያላችሁ ዓሣ ስታጠምዱ ቢይዝላችሁ ሕጉን አንብቡ፤ ኦንታሪዮ ውስጥ በሕይወት መያዝ ክልክል ነው። እኛም ጣና ውስጥ እንዲህ ያለ እንግዳ እንዳይጎዳብን የምንጠብቃቸው፣ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ላቤዮባርበስ የሚባሉ የዓሣ ዝርያዎች አሉን።